ቅጂው ምን ይመሰክራል? የግብፅ መቃብር ሥዕሎችና የመጽሐፍ ቅዱስ አስተማሪ

መግቢያ

ኦሪት ዘፀአትን ለሚያስተምር አገልጋይ እጅግ የሚመች አንድ ሥዕል አለ። ወገባቸው ላይ ጨርቅ ያገለደሙ ሰዎች ከኩሬ ውኃ ይቀዳሉ፤ ሌሎች ጭቃ ያቦካሉ፤ ሌሎች በእንጨት ቅርጽ ጡብ እየመቱ በረድፍ ለፀሐይ ያሰጣሉ፤ ሌሎች ደግሞ የደረቀውን ተሸክመው ይሄዳሉ። በአጠገባቸው በትር የያዘ አለቃ ተቀምጦ ሥራውን ይቆጣጠራል። ይህ ሥዕል በመጽሐፍ ቅዱስ መዝገበ ቃላትና በጥናት መጽሐፍ ቅዱሶች ውስጥ ታትሞ ይገኛል። ዛሬ ደግሞ በስልክ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ በሐዋሳም ሆነ በሌላ ከተማ ፕሮጀክተር ባለው አዳራሽ ሁሉ በቀላሉ ሊታይ ይችላል። ብዙ ጊዜም “እስራኤላውያን በግብፅ ባርነት ሳሉ” የሚል መግለጫ ይከተለዋል።

ይህን መግለጫ ሁለት ጥያቄዎች ይፈትኑታል። የመጀመሪያው፣ የምናየው ምን እንደሆነ ነው፤ ዘወትር የሚታተመው ምስል ብዙውን ጊዜ የመቃብሩ ግድግዳ ፎቶግራፍ ሳይሆን በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእጅ የተሳለ፣ በሙዚየም የተቀመጠ ቅጂ ነው። ሁለተኛው፣ በሥዕሉ ላይ ያሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ነው፤ በግድግዳው ላይ የተጻፈው ጽሑፍ እስራኤልን በስም አይጠራም። ይህን ማወቅ ሥዕሉን ከማስተማሪያነት አያስወጣውም። ይልቁንም በትክክል ምን እንደሚመሰክር ለይተን እንድንናገር ይረዳናል።

ጉዳዩ የሥነ ጥበብ ወዳጆች ብቻ አይደለም። ዛሬ በጉባኤ የሚቀመጥ ወጣት በስብከቱ መካከል ስልኩን አውጥቶ የሥዕሉን ምንጭ ሊፈልግ ይችላል። መግለጫው ከተባለው በላይ እንደተናገረ ሲደርስበት፣ የተጠራጠረው ሥዕሉን ብቻ ላይሆን ይችላል። ሰባኪው ያለ አስፈላጊነት ሥዕሉን የቃሉ ምሰሶ ስላደረገው፣ ሥዕሉ ሲነቃነቅ ቃሉም የተነቃነቀ ይመስለዋል።

ቅጂዎቹ እንዴት ተሠሩ?

በነቢዩ ናሆም መጽሐፍ (3፥8) ኖእ አሞን ተብላ የተጠቀሰችው ጥንታዊት ቴብስ ዛሬ ሉክሶር በምትባለው ከተማ አካባቢ ነበረች። ከዓባይ ማዶ፣ በምዕራቡ ዳርቻ በሚገኙት ኮረብታዎች ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ የባለሥልጣናት መቃብሮች ተፈልፍለዋል። ግድግዳዎቻቸው በልስን ተለስነው በቀለም ተሥለዋል። እነዚህ ሥዕሎች ግን ከጊዜ ጋር ተጎዱ። ሰዎች በመቃብሮቹ ውስጥ ኖረውባቸዋል፤ ጭስ አጥቁሯቸዋል፤ ልስኑ ተፈርፍሯል፤ አንዳንዱም ለሽያጭ ተቆርጦ ተወስዷል። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፎቶግራፍ ቢኖርም ቀለምን በታማኝነት ማስቀረት አልቻለም ነበር። ስለዚህ ሥዕሉን በሥዕል መገልበጥ አስፈለገ።

በዚህ ሥራ ስማቸው ከሁሉ በላይ የሚነሣው ባልና ሚስቱ ኖርማን ደ ጋሪስ ዴቪስ (1865–1941 እ.ኤ.አ.) እና ኒና ዴቪስ (1881–1965 እ.ኤ.አ.) ናቸው። የኖርማን ታሪክ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ቅርብ ነው። በግላስጎው ነገረ መለኮት ተምረው በእንግሊዝ የኮንግሪጌሽናል ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ፤ ኋላም በአውስትራሊያ፣ በሜልበርን፣ የሥላሴን ትምህርት በማይቀበለው የዩኒቴሪያን ማኅበር አገልግለዋል። ከዚያ ወደ ግብፅ ሄደው የቀረውን ዕድሜያቸውን የመቃብር ጽሑፎችንና ሥዕሎችን ለመገልበጥ ሰጡ። ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኒው ዮርክ የሚገኘው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም የግብፅ ጉዞ ቡድን ባልደረባ ሆነው ሠሩ። ከኒና ጋር የተጋቡትም በዚያው ዓመት ነው።

የአሠራራቸው መንገድ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። በመጀመሪያ የሥዕሉን መስመር ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ ያነሣሉ። ቀጥሎም ያንን መስመር ወደ ጠንካራ ወረቀት ያዛውሩና በመቃብሩ ውስጥ ከግድግዳው ፊት ተቀምጠው ቀለሙን እያመሳከሩ ይቀባሉ። ወደ ጨለማው ክፍል ብርሃን የሚያስገቡት የፀሐይን ጨረር በመስታወት እያንጸባረቁ ነው። የሚጠቀሙበትም ስስ የውኃ ቀለም ሳይሆን ቴምፔራ የተባለው ወፈር ያለ ቀለም ነበር፤ ይህም የጥንቱን ሠዓሊ ቀለም ክብደት በተሻለ ሁኔታ ያሳያል። ግድግዳው የተሰነጠቀበትንና ልስኑ የወደቀበትን ቦታም ብዙ ጊዜ እንዳለ ገልብጠውታል።

ከእነርሱ በፊት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጡ ብዙ ገልባጮች በነጻ እጅ እየሣሉ፣ መጠኑን እያሳነሱ፣ የጎደለውንም በግምት እየሞሉ ያልፉ ነበር። የዴቪሶች ሥራ ከዚያ ልማድ የሚለየው ጉድለትንም እንደ እውነት አካል በመቁጠሩ ነው። የኒና ቅጂዎች በኒው ዮርክ፣ በለንደንና በኦክስፎርድ ሙዚየሞች ይገኛሉ። በ1936 እ.ኤ.አ. በአላን ጋርዲነር ትብብር 104 ባለ ቀለም ገጾች ያሉት ትልቅ ሥራ ሆነው ታትመዋል፤ ወደ ዓለም ቤተ መጻሕፍትም በዚህ መንገድ ተሠራጭተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የኖርማን ዴቪስ ቅጂ የሚታመነው በነገረ መለኮት ከእኛ ጋር ስለተስማሙ አይደለም፤ በብዙው አልተስማሙምና። የሚታመነው መንገዳቸው ግልጽ ስለሆነና ግድግዳው እስካለ ድረስ ማንም ሄዶ ሊያመሳክረው ስለሚችል ነው። ምስክርን የምንመዝነው ወገናችን መሆኑን በማየት ሳይሆን ያየውን በታማኝነት መናገሩን በመመርመር ነው።

የሬክሚሬ ጡብ ሠሪዎች

ከላይ የገለጽነው የጡብ ሥራ ሥዕል የሚገኘው በሬክሚሬ መቃብር ነው። ሬክሚሬ በዳግማዊ አሜንሆቴፕና ከእርሱ በፊት በነገሠው በሣልሳዊ ቱትሞስ ዘመን፣ በአሥራ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ከፈርዖን ቀጥሎ ያለውን የአስተዳደር ሥልጣን የያዘ ባለሥልጣን ነበር። በዚያ ሰፊ ግድግዳ ላይ የጡብ ሠሪዎቹ ትዕይንት ብቻውን አይቆምም። በአጠገቡ አናጺዎች፣ ወርቅ አንጥረኞች፣ የቆዳ ሠራተኞችና ድንጋይ ጠራቢዎች አሉ። የጠቅላላው ግድግዳ ዓላማ ባለሥልጣኑ በሥሩ ምን ያህል ሥራ ይመራ እንደነበር ማሳየት ነው። መጽሐፎቻችን ግን አንዷን ጥግ ቆርጠው ስለሚያትሙ፣ የባለሥልጣኑ የሥራ መዝገብ የነበረው ነገር የባርነት ታሪክ ብቻ መስሎ ይታየናል።

ከሥዕሉ ጋር ያለው ጽሑፍ ሠራተኞቹ ንጉሡ ለአሞን ቤተ መቅደስ ሥራ ያመጣቸው ምርኮኞች እንደሆኑ ይናገራል። መልካቸውና ቀለማቸውም ከሶርያ ወገንና ከኑብያ የመጡ ሰዎች እንዳሉባቸው ያሳያል። በዚሁ የሥራ ትዕይንት ውስጥ የአለቃው ማስጠንቀቂያ ተጽፏል፤ በትሩ በእጁ እንዳለና ሠራተኞቹ እንዳይሰንፉ ይነግራቸዋል። ፈርዖን ዕብራውያንን ሰነፎች እያለ የከሰሰበትን ክፍል (ዘፀ. 5፥8፣ 17) የሚያውቅ አንባቢ ተመሳሳይነቱ ወዲያው ይታየዋል።

እንግዲህ ሥዕሉ ምን ይመሰክራል? በግብፅ የባዕድ አገር ሰዎች በግዳጅ ጡብ ይሠሩ እንደነበር፣ ሥራው በአለቆች ቁጥጥር ሥር እንደነበር፣ የአሠራሩም ሂደት ምን እንደሚመስል ይመሰክራል። ይህ ከዘፀአት 1፥14 እና ከምዕራፍ 5 ጋር በሚገባ ይስማማል። ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክቶ ቤት ሲመረግ ያየ የአገራችን ምእመን፣ ጭድ ተከልክሎ የጡቡ ቁጥር ግን እንዳይጎድል መታዘዙ ምን ያህል ጭካኔ እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሥዕሉ የማይመሰክረው ነገርም አለ። እነዚህ ሰዎች እስራኤላውያን ናቸው አይልም። በ1ነገሥት 6፥1 ላይ ተመሥርተው ዘፀአትን በአሥራ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚያስቀምጡ ሊቃውንት ሥዕሉ ከዘመኑ ጋር እንደሚቀራረብ ይናገራሉ። የራምሴን ከተማ ስም (ዘፀ. 1፥11) መነሻ አድርገው አሥራ ሦስተኛውን መቶ ክፍለ ዘመን የሚመርጡት ደግሞ ሥዕሉን እንደ አጠቃላይ ዳራ ብቻ ይወስዱታል። ሥዕሉ ይህን ክርክር አይፈታም። እስራኤል የሚለው ስም በግብፅ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግጠኝነት የሚታወቀው በ1208 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ በቆመው በመርኔፕታህ ሐውልት ላይ ነው።

የቤኒ ሐሰን ተጓዦችና የኩሽ መኳንንት

ሁለተኛው ታዋቂ ሥዕል ከሉክሶር በስተ ሰሜን ርቆ በሚገኘው በቤኒ ሐሰን፣ በዳግማዊ ክኑምሆቴፕ መቃብር ውስጥ አለ። በዳግማዊ ሰኑስረት ስድስተኛ የንግሥና ዓመት፣ በ1890 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ፣ ከእስያ ወገን የመጡ ሰዎች በአለቃቸው በአቢሻ መሪነት ወደ ግብፅ ሲገቡ ያሳያል። ጽሑፉ ቁጥራቸው 37 እንደሆነና ለዓይን የሚሆን ኩል ይዘው እንደመጡ ይናገራል። ልብሳቸው ዝንጉርጉር ነው፤ አህዮች፣ የጦር መሣሪያና አንድ በገና መሰል መሣሪያ አብረዋቸው አሉ። በኋላ የቱታንክሃመንን መቃብር በማግኘት የታወቁት ሃዋርድ ካርተርም በግብፅ ሥራቸውን የጀመሩት በ1891 እ.ኤ.አ.፣ በ17 ዓመታቸው፣ በዚሁ በቤኒ ሐሰን ሥዕል ገልባጭ ሆነው ነው።

የዚህ ሥዕል ቅጂዎች በአውሮፓ በታተሙበት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንዳንዶች “ያዕቆብና ልጆቹ ናቸው” ብለው ተደሰቱ። ነገር ግን ወደ ግብፅ የገባው የያዕቆብ ቤተ ሰብ ቁጥር 70 ነው (ዘፍ. 46፥27)፤ የዚህ ቡድን ደግሞ 37። የመሪው ስም አቢሻ እንጂ ያዕቆብ አይደለም፤ የመጡትም በራብ ምክንያት ሳይሆን ኩል ይዘው ነው። ሥዕሉ የሚሰጠን ሌላ ነገር ነው፤ ከከነዓን አቅጣጫ የመጡ ቤተ ሰቦች ወደ ግብፅ መውረዳቸው የታወቀ ነገር እንደነበር፣ አለባበሳቸውና ጓዛቸውም ምን ይመስል እንደነበር ያሳየናል። የአብርሃምንና የያዕቆብን ጉዞ የምናስተምርበት ጥሩ መስኮት ነው፤ የያዕቆብ ፎቶግራፍ ግን አይደለም።

ሦስተኛው ሥዕል እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይነካል። በቱታንክሃመን ዘመን የኩሽ እንደራሴ የነበረው የሁይ መቃብር የኩሽና የዋዋት መኳንንት ወርቅና ልዩ ልዩ ስጦታ ይዘው ሲቀርቡ ያሳያል፤ በበሬዎች የሚሳብ ሠረገላ ላይ የተቀመጠች ልዕልትም አለች። ኒና ዴቪስና አላን ጋርዲነር ይህን መቃብር በ1926 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትመውታል። በምዕራባውያን የቆዩ የመጽሐፍ ቅዱስ መዝገበ ቃላት እንዲህ ያሉ ሥዕሎች “ኢትዮጵያውያን” ተብለው ሊቀርቡ ይችላሉ።

ምክንያቱ ትርጉም ነው። የዕብራይስጡ “ኩሽ” በግሪኩ የሰባ ሊቃናት ትርጉም “አይቲዮጲያ” ሆነ፤ በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም በብዙ ቦታ “ኢትዮጵያ” ይላል፤ በዘፍጥረት 10፥6 ግን “ኩሽ” የሚለውን ስም ጠብቋል። በግብፃውያን ጽሑፍ ኩሽ በዋናነት ከአስዋን በስተ ደቡብ ያለው የኑብያ ምድር ነው፤ አብዛኛው ዛሬ በሱዳን ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ የሁይን ሥዕል አሳይቶ “እነሆ አባቶቻችን” ማለት ግድግዳው ያላለውን ማስባል ነው። ይህን መግለጽ ግን የመዝሙር 68፥31ን ተስፋ አያሳንስም። የተስፋው ክብደት ያለው ከግብፅ ደቡብ ያሉ ሕዝቦች ወደ እግዚአብሔር እንደሚመጡ በመናገሩ ላይ ነው፤ ያ ተስፋ በአገራችን ሲፈጸም ለማየት የመቃብር ሥዕል ማረጋገጫ አያስፈልገንም።

ጎንደር፦ ቅጂው የቀረበት፣ ዋናው የሄደበት

እስካሁን ያየነው ዋናው በቦታው ሲቀር ቅጂው ወደ ሙዚየም የሄደበትን ታሪክ ነው። አገራችን ደግሞ የዚህን ግልባጭ ታውቃለች።

በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የዳካር–ጂቡቲ የጥናት ጉዞ (1931–1933 እ.ኤ.አ.) በ1932 እ.ኤ.አ. ሁለተኛ አጋማሽ ጎንደር ቆይቶ ነበር። በከተማዋ ባለው፣ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን እንደተተከለ በሚነገርለት የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የቆዩ የግድግዳ ሥዕሎች ነበሩ። በአገራችን ልማድ ሥዕሉ የሚሣለው በጨርቅ ላይ ሆኖ ጨርቁ ከግድግዳ ጋር ስለሚጣበቅ፣ ሳይቆረስ ሊነሣ ይችላል። የቡድኑ አባላት ሥዕሎቹን አነሡ፤ ከቡድኑ ጋር የነበሩት ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ በምትካቸው አዲስ ቅጂ ሣሉ፤ ዋናዎቹ ሥዕሎች ወደ ፓሪስ ተጓዙ። ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። የጉዞው ጸሐፊ የነበሩት ሚሼል ሌሪስ በ1934 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የዕለት ማስታወሻ ጉዞው በአፍሪካ ቅርሶችን የሰበሰበባቸውን መንገዶች፣ ነውረኛ የሆኑትን ጭምር፣ በግልጽ ስለመዘገበ እስከ ዛሬ በቅርስ ማስመለስ ክርክር ውስጥ ይጠቀሳል።

ሁለቱን ጉዳዮች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ልዩነቱ በሠዓሊው ችሎታ ላይ እንዳልሆነ እናያለን። በሉክሶር ቅጂው ዋናውን አገለገለ፤ ግድግዳው በቦታው ቆየ፣ ማንም ሊያመሳክር ይችላል። በጎንደር ቅጂው ዋናውን ተካ፤ የተሣለለት ሕዝብና አምልኮው በአንድ ወገን፣ ሥዕሉ በሌላ ወገን ቀሩ። ግብፅም ከዚህ ዓይነት ጉዳት አላመለጠችም። በለንደን የብሪቲሽ ሙዚየም የሚታዩት ውብ የነባሙን መቃብር ሥዕሎች በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከግድግዳ ተቆርጠው ተወሰዱ፤ መቃብሩ የት እንደነበር ግን ዛሬ አይታወቅም። ሥዕሉ ተርፏል፤ ቦታው ጠፍቷል።

ወንጌላዊ አንባቢ “የአባ እንጦንስ ሥዕል የእኛ ጉዳይ አይደለም” ሊል ይችላል። በአምልኮ ውስጥ ስለ ሥዕል ያለን አቋም ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የተለየ ነው፤ ያንን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን ስለ ባልንጀራ ንብረትና ስለ እውነተኛ ምስክርነት የተሰጡት ትእዛዛት (ዘፀ. 20፥15–16) ባልንጀራው በአምልኮ ከእኛ ጋር እንዲስማማ ቅድመ ሁኔታ አያስቀምጡም። የግብፅን ጣዖት አምላኪዎች መቃብር ለማስተማሪያ የምንጠቀም ሰዎች የጎረቤታችንን የክርስትና ቅርስ ታሪክ በግዴለሽነት ብናልፍ ሚዛናችን የተዛባ ይሆናል።

ቅጂ አሳፋሪ ነገር አይደለም

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ተማሪ “እንግዲህ ቅጂ አይታመንም ማለት ነውን?” ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አይደለም። ነቢያትና ሐዋርያት በእጃቸው የጻፉት የመጀመሪያ ጽሑፍ ዛሬ በእጃችን የለም። ያለን የቅጂ ቅጂ ነው፤ ሆኖም ቅጂዎቹ ብዙ ስለሆኑና እርስ በርስ ስለሚመሳከሩ የመጀመሪያውን ቃል በታላቅ መተማመን እናነባለን። በአገራችንም ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተካሄደው የማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ተቀድተዋል፤ ብራናው ቢጠፋ ወይም ቢጎዳ ንባቡ እንዲተርፍ የሚያደርገው ቅጂው ነው። በግብፅም ቀለሙ በለቀቀባቸው ቦታዎች የትናንቱ ቅጂ ከዛሬው ግድግዳ የበለጠ የሚናገርበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ጥያቄው “ዋና ነው ወይስ ቅጂ?” በሚለው ብቻ አያበቃም። ሥዕል ወደ መድረክ ከማምጣቱ በፊት አገልጋዩ እነዚህን ቢጠይቅ ይጠቅመዋል።

አንደኛ፣ ይህ ምስል ፎቶግራፍ ነው፣ በእጅ የተሠራ ቅጂ ነው ወይስ ዘመናዊ ሠዓሊ ከምናቡ የሣለው ነው? ዛሬ በኮምፒውተር የሚፈጠሩ ምስሎች ስለበዙ ይህ ጥያቄ ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል።

ሁለተኛ፣ ዋናው ሥዕል የት ይገኛል? በየትኛው መቃብር፣ በየትኛው ንጉሥ ዘመን? ይህን የማይነግር መግለጫ ለማስረጃነት አይበቃም።

ሦስተኛ፣ ሥዕሉ የተቆረጠው ከምን ውስጥ ነው? በግራና በቀኙ ምን አለ?

አራተኛ፣ በሥዕሉ ላይ ያለው ጽሑፍ ራሱ ምን ይላል? እኛስ ምን ጨመርንበት?

አምስተኛ፣ ሥዕሉ ባይኖር የምሰብከው ክፍል መልእክት ይጎድላልን? ከጎደለ፣ ስብከቱ የተመሠረተው በክፍሉ ላይ ሳይሆን በሥዕሉ ላይ ነው።

መደምደሚያ

ሉቃስ ወንጌሉን ሲጀምር ከዓይን ምስክሮች የተላለፈውን በጥንቃቄ እንደመረመረ ይገልጻል (ሉቃ. 1፥1–4)። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች የሰጣቸው ራሱ የተቀበለውን እንደሆነ ያስታውሳቸዋል (1ቆሮ. 15፥3)፤ የእግዚአብሔርንም ቃል በተንኮል ከመቀላቀል ራሱን ይለያል (2ቆሮ. 4፥2)። የሰባኪ ሥራ በዚህ ረገድ ከገልባጩ ሥራ ጋር ይመሳሰላል። የተቀበለውን ያስተላልፋል፤ ግድግዳው የተሰነጠቀበትን ቦታ በራሱ ቀለም አይሞላም።

በተግባር ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር መለወጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። የሬክሚሬን ሥዕል የሚያሳይ አገልጋይ “እነዚህ እስራኤላውያን ናቸው” በማለት ፈንታ እንዲህ ይበል፦ “ይህ በሉክሶር ከሚገኝ የአንድ ግብፃዊ ባለሥልጣን መቃብር የተገለበጠ ሥዕል ነው። ምርኮኞች ለፈርዖን ጡብ ሲሠሩ ያሳያል። የእስራኤል ስም አልተጻፈበትም፤ እስራኤል የተሸከመው ቀንበር ግን ምን ዓይነት እንደነበር እንድናይ ይረዳናል።” ይህን የሰማ ወጣት ማታ ቤቱ ገብቶ ቢመረምር የሚያገኘው ፓስተሩ የነገረውን ነው። በሚቀጥለው እሑድ ስለማይታየው ነገር ሲነገረው፣ ስለሚታየው እውነቱን የነገረውን ሰው ለማመን አይቸገርም።